ከወንበሯ የተነሳችው ተማሪ

በእኛ አካባቢ ተማሪን ወደ ኋላ የሚያስቀረው ኔትወርክ ነው ይባላል። አይደለም። ኔትወርክ ጠፍቶ ያውቃል፤ ለረጅም ጊዜም ጠፍቶ ያውቃል፤ እኔ የምናገረው ግን ስላለበት ጊዜ ነው። የእህቴ ልጅ እኔ ቤት ተቀምጣ የባንክ ቴክኖሎጂ ስትማር በሰነበተችበት ሳምንት፣ እንጅባራ ላይ ኔትወርኩ አንድም ቀን አልተቆረጠም። መብራቱም አልጠፋም። ከጓደኛዋ የተዋሰችው አሮጌ ላፕቶፕ እንኳ፣ ይሞታል ብለን ስንጠብቀው፣ ሳይሞት ከረመ። ሰበብ የሚሆነን ነገር ሁሉ በሰላም ዋለ። ልጅቷ የወደቀችው በሌላ ነው።

ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የምትማረው፤ ለመመረቅ አንድ ዓመት ይቀራታል። ወላጆቿ አዘና ከምትባል ትንሽ ከተማ ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ቤታቸው የሚነገረው አዊኛ ነው፤ አማርኛውን ያገኘችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው፤ ዛሬ ከእኔ አጥርታ ትናገረዋለች። አንድ የአዲስ አበባ ባንክ «የቴክኖሎጂ መተዋወቂያ ሳምንት» ብሎ ከየዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሲመርጥ አመለከተች፤ ተቀበሏት። ትምህርቱ በሙሉ በስክሪን ነው፤ ማንም ከቤቱ አይወጣም። በመጨረሻው ቀን እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ሐሳብ ያቀርባል፤ ከሁሉ የበለጡት ሁለት ተማሪዎች ክረምቱን በባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት እየሠሩ ይለማመዳሉ። የፈለገችው ይህንን ነበር። አባቷ ስትመረቅ አዘና ተመልሳ ወረዳ ጽሕፈት ቤት እንድትቀጠር ነው ሐሳቡ። «ኮምፒውተር እዚያም አለ» ይላል። አለ፤ ደብዳቤ ይተየብበታል። ልጅቷ ለአባቷ በአፏ የምትመልሰው አልነበራትም፤ ክረምቱ ይመልስልኛል ብላ ነበር።

እኔ ቤት የመጣችው ለእረፍት ግቢው ስለተዘጋ ነው። ቤቴ ሁለት ክፍል ነው። መኝታ ቤቱ ኔትወርክ አይገባውም፤ ሳሎኑ ይገባዋል። ሰውም የሚገባው ሳሎን ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ካሜራው የማያየኝ የሶፋ ጥግ ላይ ተቀምጬ አብሬያት ተማርኩ። አስተባባሪው ወጣት ከኋላው የመጻሕፍት መደርደሪያ ነበረው፤ ራሱን ባነቃነቀ ቁጥር ጆሮው መደርደሪያው ውስጥ እየገባ ሲጠፋ ነው ሥዕል መሆኑ የገባኝ። «ዲጂታል ሽግግር» አለ። ተከትላው የመጣችው ሴትም «ዲጂታል ሽግግር» አለች። ከየት ተነስተን ወደ የት እንደምንሻገር የነገረን የለም። ከእነሱ በኋላ የመጣው መሐንዲስ ግን ጥሩ አስተማሪ ነበር። ሌባ በሰው ስልክ ገንዘብ ሲያወጣ ማሽኑ እንዴት እንደሚጠረጥር አስረዳ። ሰው በለመደው ሰዓት፣ በለመደው ቦታ፣ በለመደው ልክ ነው የሚያወጣው፤ ከልማዱ የወጣ ዕለት ማሽኑ ቆም ብሎ ይመረምራል። ይህን ስሰማ ጎረቤቶቼን አሰብኩ። ይህን ሥራ ባንክ ሳይኖር ጀምሮ ሲሠሩት የኖሩ ናቸው።

አስተባባሪው በዚያው ቀን አንድ ደንብ አነበበ። ካሜራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ክፍት ይሆናል፤ በማቅረቢያው ቀን ከካሜራ የወጣ ተናጋሪ እንዳቋረጠ ይቆጠራል። ምክንያት ነበረው፤ ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ተተክቶ የተናገረላቸው ተማሪዎች ነበሩ አሉ። ሁሉም ተስማማ። የእህቴ ልጅም ተስማማች። ደንቡን ያረቀቀው ሰው የሚዘጋ በር ያለው ክፍል ውስጥ ሆኖ እንዳረቀቀው ያስታውቃል፤ ያን ጊዜ ግን እኔም ልብ አላልኩትም።

የእሷ ሐሳብ ከባንኩ ምክር ጋር የሚጣላ ነበር። ባንኩ ሳምንቱን ሙሉ «የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ» ሲል ሰነበተ። ልጅቷ በሰማችው ቁጥር ትስቃለች። እናቷ ማንበብ አትችልም፤ የእናቷን ቁጥር የምታውቀው እሷ ናት፤ እሷ ከሌለች ባለሱቁ ነው። ከእኔ ቤት ማዶ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ የእድራችን ዳኛ፣ የእሳቸውን ቁጥር የስልኩ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አጽፈውታል። «እንዳይጠፋ ነው» ይላሉ። የልጅቷ ሐሳብ ይህ ነው፦ ባለስልኩ የሚያምነውን አንድ ሰው «ሁለተኛ ሰው» ብሎ ባንክ ያስመዝግብ። ያ ሰው መልእክት ያንብብለት፣ ቀሪ ሒሳቡንም ይንገረው፤ ገንዘቡ ግን ባለቤቱ በገዛ ድምፁ፣ በገዛ ቋንቋው፣ በአዊኛም ቢሆን፣ «አዎ» ሳይል አይንቀሳቀስ። እኔ ብዙ ሐሳብ አንብቤ ብዙውን የጣልኩ ሰው ነኝ፤ ይህንን አልጣልኩትም።

ማክሰኞ ዕለት አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ ደጃፍ ላይ ያዘችኝ።

«ልጅቷ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። ትምህርት ላይ ናት።»

«ትምህርቱ ተዘግቶ የለም እንዴ? የኔውስ ቤት ተኝቶ ይውላል።»

«ይኼ ሌላ ነው፤ በኮምፒውተር ነው።»

«ብቻዋን ስታወራ ሰማኋት እኮ።»

«ብቻዋን አይደለም። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አለ፤ የሚያናግሯት ሰዎች አሉ።»

እጄን ያዘችኝ። «የሚያናግሯት አሉ» አለች ቀስ ብላ። «እሺ፣ እታለም። እግዚአብሔር ይማራት።»

ምን ይባላል? በእኛ አገር በሽተኛ ያለበት ቤት መጀመሪያ የሚለው «ምንም አልሆነችም» ነው። በካድኩ ቁጥር በሽታው ጸና። አስቡት፤ ወጣት ልጅ፣ በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ዘግታ፣ ከቤት ሳትወጣ፣ ከማይታዩ ሰዎች ጋር ታወራለች፤ አልፎ አልፎም ትስቃለች። ማሽኑ ቢሆንም ይጠረጥር ነበር።

ሐሙስ ጎረቤቴ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዛ ገባች። ልጅቷ ድምፅዋን ዘግታ ጠጣች፤ ጎረቤቴ የቀረውን ፊቷ ላይ ረጨችላት፤ ልጅቷ በእጇ ጠረግ አድርጋ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ካሜራው ይህን ሁሉ ለአገር አሳየ። አንድ ተማሪ «እናንተ ጋ እንደዚህ ይሞቃል እንዴ?» ብሎ ጻፈላት። እንጅባራ! እኔ ጋቢ ደርቤ ነበር የተቀመጥኩት።

አርብ ማቅረቢያው ነበር። ነገሩን ስለተማርኩ በርጩማ አውጥቼ፣ መጽሐፍ ይዤ፣ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ማንንም አላሳልፍም ብያለሁ። ጎረቤቴን መለስኳት። እንቁላል ሻጭ መለስኩ። ውስጥ የልጅቷ ድምፅ ይሰማኛል፤ ተራዋ ደርሶ ስለ እናቷ ስልክ መናገር ጀምራለች፤ ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም።

የእድሩ ዳኛ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ጋቢ ለብሰዋል፣ ዱላ ይዘዋል፤ በሽተኛ ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው አረማመድ ነው። እኔ በር ጠባቂዋ ተነሳሁ።

«ኖር!»

«በእግዜር፣ በእግዜር፤ ተቀመጪ።»

በርጩማዬን አንስቼ ገለል አልኩ። ትልቅ ሰው ሲመጣ በሩ ላይ ተጎልቶ አይጠበቅም። «አባቴ፣ አሁን እኮ እሷ…» አልኩ።

«አውቃለሁ ልጄ፣ አናደክማትም። አይተናት ነው የምንወጣው» አሉና ገቡ። ሁለቱም ተከተሏቸው፤ እኔም ከኋላ ገባሁ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው። ተነሳች። በኋላ «ትንሽ እንኳ አላሰብሽም?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ማሰብ የሚያስፈልገው ለመቀመጥ ነበር» ነው ያለችኝ። ስትነሳ የማዳመጫው ገመድ ከላፕቶፑ ተነቀለ። ስክሪኑ ላይ እሷ በምትታይበት ሳጥን ውስጥ የቀረው የግድግዳው ቀን መቁጠሪያና የሹራቧ ጫፍ ነው። ዝቅ ብላ ጉልበት ልትስም ስትል የሹራቡም ጫፍ ጠፋ።

«ኧረ አይገባም! በሽተኛ አይነሳም!» አሉ ዳኛው። ትከሻዋን ይዘው አቆሟትና መዳፋቸውን ግንባሯ ላይ አደረጉ። «ትኩሳት የላትም» አሉ ወደ ሁለቱ ዞረው።

ያን ጊዜ ከላፕቶፑ ድምፅ ወጣ። «ተሳታፊዋ ከካሜራ ወጥታለች። ጊዜ የለንም፤ ወደሚቀጥለው እንለፍ።»

«ማነው እሱ?» አሉ ዳኛው። «ማን ወጣ ነው የሚለው?»

«እኔን ነው አባቴ። እኔ ነኝ የወጣሁት።»

«የት ወጣሽ? ይኸው ቆመሽ የለም እንዴ!»

ቶሎ ተቀመጠች፤ እጇንም በስክሪኑ አነሳች። ድምፅዋን ዘግተውባት ነበር። ሌላ ተማሪ መናገር ጀመረ፤ በስሟም ትይዩ «አቋርጣለች» የሚል ጽሑፍ ታየ። ጨዋ ልጅ ናትና በእንግዶች ፊት አላለቀሰችም። ላፕቶፑን በቀስታ ከደነችና ሻይ አፈላች። ሽማግሌዎቹ ሻዩን እየጠጡ እኔን ጠየቁኝ፤ ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሳምንቱን፣ ደንቡን፣ ክረምቱን። ዳኛው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ተቀምጠሽ ብትቀጥዪ ኖሮ ታልፊ ነበር?» አሏት።

«ማለፉን አላውቅም። ግን ይሰሙኝ ነበር።»

«እኛ ገብተን ስትቀመጪ ብናይ ደግሞ ባለጌ እንልሽ ነበር» አሉ። መዋሸት አይወዱም። «እንግዲህ ጥፋቱ የኛ ነው። ጥፋት ካለ ሽማግሌ መላክ አለበት።»

«ሽማግሌው እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው።

«ለዚህ ነዋ የሚቀለው።»

እኔ በዚህ አላመንኩም። ለአስተባባሪው በኢሜይል ጻፊ አልኳት፤ ጻፈች። መልሱ ወዲያው መጣ፦ መልእክትዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን።

«ማነው ያመሰገነው?» አሉ ዳኛው።

«ማሽኑ ነው።»

«ማሽን ምን ባደረግንለት» አሉና ዱላቸውን ያዙ። «ባንኩ የት ነው ያልሽው?»

«አዲስ አበባ።»

«እዚህ አስፋልቱ ዳር ያለውስ የማን ነው?»

«የዚያው ነው፤ ቅርንጫፉ።»

«በይ፣ ነገ እንገናኝ።»

ልጅቷ «እትዬ፣ እባክሽ አታዋርዱኝ» ብላ ለመነችኝ። በባንክ ቤት ሽማግሌ የተላከላት ተማሪ መባል ከመቅረቱ ይብስባት ነበር። እኔም ውርደት ነው ብዬ አስቤያለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን አብሬያቸው ሄድኩ። ታሪኩን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ደግሞም ይህን ሳላይ ብቀር አይቆጨኝም ብል እዋሻለሁ።

የባንኩ ዘበኛ ሽማግሌ ይፈተሻል ወይስ አይፈተሽም የሚለውን ሲያሰላስል ገብተን ነበር። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ብድግ አሉ። ሥራ አስኪያጁ የዚሁ የአካባቢያችን፣ የዳንግላ ልጅ ነው፤ ክራቫት ያሰረ፣ ቀልጣፋ ወጣት። ሽማግሌዎቹን ሲያይ እሱም ተነሳ፤ ወንበርም አሳየ።

«አንቀመጥም» አሉ ዳኛው። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ይህን አነጋገር የሚያውቅ ያውቀዋል። ሥራ አስኪያጁ ያውቀዋል፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ምናልባት የማን ልጅ ልትጠየቅ ነው ብሎ አስቦ ይሆናል።

«ምን ልታዘዝ፣ አባቶቼ?»

«አንዲት ልጅ አለችን። ከባንካችሁ ጋር ተጣልታለች።»

«ምን አጥፍታ?»

«ተነስታ።»

«ከየት ተነስታ?»

«ከወንበር።»

እኔ ጣልቃ ገብቼ አስረዳሁ። ሥራ አስኪያጁ ስለዚህ ሳምንት ሰምቶ አያውቅም ነበር። ዋና መሥሪያ ቤቱ ለአገሩ ተማሪ ሁሉ አስታውቆ ለራሱ ቅርንጫፍ አልነገረም። «ይህ በኔ ሥልጣን አይደለም» አለ።

«ሥልጣን አልጠየቅንህም። ስልክ ነው የጠየቅንህ።»

እሱ ቆሟል፤ ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፤ ውጭ ያለው ሰው አንገቱን አስግጎ ያያል። ሽማግሌ ቆሞ እሱ ተቀምጦ ኮምፒውተሩን ሊነካ አይችልም፤ ስለዚህ ሥራው ቆመ። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ገበያተኛው ተሰልፏል። አንድ ጊዜ ደወለ፤ ሌላ ቦታ ደውል አሉት። እዚያ ደወለ፤ አስተባባሪውን አገኘ። «አዎ… አይደለም፣ አላቋረጠችም… ትልቅ ሰው ገብቶባት ነው… ተነስታ ነዋ… አዎ፣ አሁን እዚህ ናቸው… ቆመዋል… አይቀመጡም…» ቀጥሎ በስልኩ ውስጥ ሳቅ ሰማሁ፤ ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም። ስልኩን ዘግቶ «ማክሰኞ ጠዋት ሌላ ዕድል ይሰጧታል» አለ።

ዳኛው ተቀመጡ። «ውሃ አለህ?» አሉት።

ባህልን የሚያወድሱ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ «አየሽ የሽምግልናን ኃይል!» ያሉኝ አሉ። ደስ አይበላቸው። ልጅቷን መጀመሪያ የጣላት ይኸው ባህል ነው። ሽምግልናው የሠራውም ሥራ አስኪያጁ የዳንግላ ልጅ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ቦታ ያደገ ቢሆን ወንበር አሳይቷቸው ራሱ ይቀመጥ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም እስካሁን እንደቆሙ በቀሩ ነበር። ባህላችን ኋላ ቀር አደረገን ለሚሉትም መልስ አለኝ። ልጅቷ ተነስታ ማንንም አልጎዳችም። የእናንተ ካሜራ ነው አንገቱን ቀና ማድረግ የማይችለው።

ማክሰኞ ዳኛው ራሳቸው ደጃፌ ላይ ተቀመጡ። ከእኔ የተሻሉ በር ጠባቂ ናቸው፤ ለማንም መነሳት የለባቸውም። የመጣ ሁሉ ቆሞ ሰላም ይላቸዋል፤ እሳቸውም «በሽተኛ የለም፤ ባንክ ላይ ናት» ብለው ይመልሱታል። እኔ የሶፋው ጥግ ላይ ሆኜ አዳመጥኩ። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ተናገረች። ከባንኩ ገምጋሚዎች አንዷ፣ ጠና ያለች ሴት፣ «ሁለተኛው ሰው ራሱ ሌባ ቢሆንስ?» ብላ ጠየቀቻት።

«አሁንም ቢሆን ሁለተኛ ሰው አለ» አለች ልጅቷ። «ባንኩ ስለማያውቀው ነው እንጂ። ሌባ ከሆነ ስሙ ተመዝግቦ ሌባ ቢሆን ይሻላል።»

ሴትዮዋ የሆነ ነገር ጻፈች። ስለ ሽማግሌዎቹ ማንም አላነሳም።

ውጤቱ ከሳምንት በላይ ቆየ። አልተመረጠችም። ሁለቱ ቦታ ለሌሎች ተሰጠ። ለእሷ የደረሳት አስተያየት ሐሳቡ ጥሩ መሆኑን፣ ድምፅ ለይቶ የሚያውቀው ሥርዓት ግን በአዊኛ ገና እንዳልተሞከረና እሷም እንዴት እንደሚሠራ እንዳላሳየች ይናገራል። ትክክል ነው፤ አላሳየችም። እኔ ልቆጣላት ተዘጋጅቼ ነበር፤ የምቆጣበት አላገኘሁም። በማግስቱ እናቷ ዘንድ ደውላ በአዊኛ «አዎ» እያሰኘች በስልክ ስትቀዳ አገኘኋት፤ እናቷ ምን ሆነሽ ነው እያለች ትጮኻለች።

«አዘነሽ?» አልኳት።

«አዝኛለሁ። ግን አሁን የቀረሁት በሥራዬ ነው። ይኼን ለአባቴ መናገር እችላለሁ፤ የጎደለውን ሠርቼ እንደገና አመለክታለሁ እለዋለሁ። ተነስቼ ቀረሁ ብለው ግን ምን ይለኛል?» ስልኩን አስቀመጠችና ቀጠለች። «አርብ ዕለት ከእኔ በፊት አንድ ልጅ ነበር፣ እትዬ። ከየት እንደሆነ አላውቅም። እያቀረበ ሳለ የሴት እጅ ገባና ትከሻውን ነካው፤ ተነሳ። እሱንም ወጥቷል፣ ወደሚቀጥለው እንለፍ አሉት። ማክሰኞ ስፈልገው የለም።»

እናቱ ወድቃ ይሁን፣ ከብት ገብቶባቸው ይሁን፣ ትልቅ ሰው መጥቶ ይሁን፣ አላወቅንም። የጠየቀው የለም። ልጁ በሚኖርበት ከተማ የባንኩ ቅርንጫፍ ላይኖር ይችላል፤ ቢኖርም የሚቆምለት ሽማግሌ ላይኖረው ይችላል።

ይህን ከምታነቡት መካከል እንዲህ ያለውን ሳምንት የምታዘጋጁ ካላችሁ፣ ያቺን ደንብ ሰርዟት። ሌላ ሰው ይተካላቸዋል ብላችሁ ከፈራችሁ፣ የተነሳው ተማሪ ሲመለስ ምን ሆነህ ነው፣ ምን ሆነሽ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ሽማግሌ እስክንልክባችሁ አትጠብቁ። ዛሬውኑ ሰርዟት።